ሰው፣ ሥራ፣ ክፍል፦ የጥርስ ክሊኒክ ቁጥጥር ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ንግግሬን በአንድ ደብተር ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥናቴ ሲባል የጤና ተቋማትን ከሚቆጣጠር ቡድን ጋር አብሬ እንድዞር ተፈቅዶልኝ ነበር። ከደረስንባቸው ቦታዎች አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኝ አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የተወለወለ ነው። የሐኪሙ የሙያ ፈቃድ በመስተዋት ተገጥሞ ሁሉም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ተሰቅሏል። ተቆጣጣሪዋ በያዘችው ቅጽ ላይ ምልክት እያደረገች ክፍሎቹን ከዞረች በኋላ የማምከኛውን ማሽን መዝገብ ጠየቀች። ደብተሩ ቀረበ። በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜም 134 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተብሎ ተመዝግቧል። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልጎደለም። ቀለሙ አንድ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም።

ተቆጣጣሪዋ ጣቷን በአንድ ቀን ላይ አሳርፋ ቀና አለችና አጠገባችን የቆመችውን ነርስ፣ «ሲስተር፣ የእኔም ቢሮ እዚሁ ሰፈር ነው። በዚህ ዕለት ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ጄኔሬተር አላችሁ?» ብላ ጠየቀቻት። ነርሷ ወደ ሐኪሙ ክፍል በር አየት አደረገች፤ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም ቀስ ብላ «የለንም» አለች።

ያ ክሊኒክ ፈቃድ ነበረው። ሐኪሙም የተማረና የተመዘገበ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ፣ መዝገቡም የተሟላ ነበር። ሆኖም በዚያን ዕለት በታካሚዎች አፍ ውስጥ የገቡት መሣሪያዎች መምከን አለመምከናቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ የጥርስ ክሊኒክን እንቆጣጠራለን ስንል የምንቆጣጠረው በትክክል ምንን ነው? እኔ የታሪክ ሰው በመሆኔ መልሱን የፈለግሁት በታሪክ ውስጥ ነው።

ያገኘሁትን አስቀድሜ በአጭሩ ልናገር። የቁጥጥሩ ዓይን በየዘመኑ በሌላ ነገር ላይ አርፏል። በመጀመሪያ የተመረመረው ሰውየው ነው፤ ቀጥሎ ሥራው፤ በመጨረሻም ክፍሉ። እያንዳንዱ ለውጥ የመጣው የቀደመው ምርመራ ያላየው ጉዳት ከተገለጠ በኋላ ነው። ታሪኩን በዋናነት የምከተለው በእንግሊዝ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ሦስት እርከኖች በዚያ አገር አንዱ ከሌላው በአሥርተ ዓመታት ተራርቀው ስለመጡ ለያይቶ ለማየት ያመቻሉ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር ለይቼ እገልጻለሁ።

ከሕግ በፊት

ጥርስ መንቀል ከሕግ በፊት የነበረ ሥራ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ጥርስ ነቃይ የገበያ ሰው ነበር። በአደባባይ መድረክ ይዘረጋል፤ ከበሮ መቺ ያቆማል። ከበሮው ሰው ለመጥራትም፣ የታካሚውን ጩኸት ለመዋጥም ያገለግላል። የዘመናዊ ጥርስ ሕክምና አባት እየተባለ የሚጠራው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ተንኮል ገልጿል። የተከራየ ሰው ደም በተሞላ ስስ ሽፋን ውስጥ የተደበቀ ጥርስ በአፉ ይዞ ከሕዝቡ መካከል ይወጣል፤ ነቃዩ እጁን ሰደድ ሲያደርግ ጥርሱም ደሙም ያለ አንዳች ሥቃይ ይወጣሉ። ተመልካቹ ተደንቆ ተራውን ይጠብቃል። የእርሱ ጥርስ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመግል ግን ነቃዩ በሌላ ከተማ ከበሮ እያስመታ ነው።

በእኛ አገር ገጠር ጥርስ ይነቅል የነበረው ወጌሻ ነው። ወጌሻ ስብራት ይጠግናል፣ ይበጣል፣ እንጥል ይቆርጣል፣ ጥርስም ይነቅላል። በእርሱና በአውሮፓው የገበያ ነቃይ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ወጌሻው ከታካሚው ጋር በአንድ አገር ይኖራል። እጁ ቢከፋ ወሬው በገበያም በለቅሶ ቤትም ይነገራል። ፈታኙም መዝገብ ያዡም ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን የምለው የቀድሞውን ለማሞካሸት አይደለም። ጎረቤት ሊፈርድ የሚችለው በሚያየው ላይ ብቻ ነው። ጥርሱ ተሰብሮ እንደቀረ ያያል፤ መንጋጋው እንዳበጠ ያያል። የወተት ጥርሱ ሳይበቅል ከድዱ ተፈልቅቆ የወጣለት ወይም እንጥሉ የተቆረጠ ሕፃን ከሳምንት በኋላ በትኩሳት ሲሞት ግን ሞቱን ከምላጩ ጋር የሚያገናኘው ሰው ጥቂት ነው። የማይታየውን ነገር የሚያይ ዓይን ገና አልተፈጠረም ነበር። ይህን ነጥብ አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰውየውን መመርመር

መንግሥታት በዚህ ሥራ ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ በመጀመሪያ የጠየቁት «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። በ1699 በፓሪስ የቀዶ ሐኪሞች ደንብ በጥርስ ላይ ብቻ የሚሠሩ ባለሙያዎች ተፈትነው እንዲያልፉ አዘዘ። በአሜሪካ በ1840 በባልቲሞር የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት የአላባማ ግዛት ሥራውን የሚመለከት ሕግ አወጣ። እንግሊዝ ግን ዘገየች። ወደ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚያ አገር አንጥረኛውም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ መድኃኒት ሻጩም ጥርስ መንቀል ይችል ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1878 በወጣው የጥርስ ሐኪሞች ሕግ ነው። ለሕጉ መውጣት ብዙ የደከመው ጆን ቶምስ በአዲሱ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ስም ሆኖ ሰፈረ። ሕጉ ያልተመዘገበ ሰው ራሱን የጥርስ ሐኪም ብሎ እንዳይጠራ ከለከለ። የከለከለው ግን ስሙን እንጂ ሥራውን አልነበረም። ይህን ክፍተት ያልተመዘገቡት ሰዎች ወዲያው አዩት። በበራቸው ላይ «የጥርስ ሐኪም» ብለው ሳይጽፉ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደሚገጥሙና ያለ ሕመም እንደሚነቅሉ ብቻ እያስነገሩ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ጉዳዩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ በ1910 ተወሰነ፤ ውሳኔውም ሰውየው ማዕረጉን እስካልተጠቀመ ድረስ ሥራውን መሥራት አይከለከልም የሚል ነበር። እኛ «ጥርስ የሌለው አንበሳ» የምንለው ይህንን ዓይነቱን ሕግ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለውትድርና የተጠሩት ወጣቶች የጥርሳቸው ሁኔታ የአገሪቱን መንግሥት አሳሰበው። በ1917 የተቋቋመው ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ በ1919 ዘገባውን አቀረበ፤ በ1921ም ሥራውን ራሱን ላልተመዘገበ ሰው የሚከለክል ሕግ ወጣ። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ከሥራ ማስወጣት አልተቻለም። ስለዚህ ከሕጉ በፊት ከነበሩት ሰባት ዓመታት አምስቱን በሙያው ሲተዳደሩ የቆዩ ሰዎች ሳይማሩ እንዲመዘገቡ ተፈቀደ። እነርሱም እስከ ሥራቸው ፍጻሜ ድረስ «የ1921 ሰዎች» ሲባሉ ኖሩ።

የሕግ ተማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። ከ1878 እስከ 1921 ድረስ በተደረገው በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ መሣሪያው ይቀቀላል ወይ፣ ወንበሩ ይጸዳል ወይ፣ ውኃው ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ የመሃል ቦታ አልያዘም። የተጠየቀው የሰውየው ወረቀት ነው። እሳቤውም ግልጽ ነበር፦ ሰውየው ጨዋና የተማረ ከሆነ ክፍሉም ይስተካከላል።

ሥራውን መመርመር

ሁለተኛው እርከን የመጣው በገንዘብ ምክንያት ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1948 የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ጥርስ ማስነቀልም፣ ማስሞላትም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስገጠምም ያለ ክፍያ ሆነ። ለዓመታት ሕመሙን ችሎ የኖረ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ ክሊኒኮች ጎረፈ። ወጪው ከታሰበው እጅግ በመብለጡ በ1951 መንግሥት በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ለመጣል ወሰነ፤ አገልግሎቱን የመሠረተው አኒውሪን ቤቫን በዚሁ ምክንያት ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። ጥርስ የአንድን ሚኒስትር ወንበር ያስለቀቀበት ዘመን ነው።

ሐኪሙ የሚከፈለው በሠራው ሥራ ቁጥር ነበር፤ ለእያንዳንዱ የተሞላ ጥርስ ይህን ያህል፣ ለእያንዳንዱ የተነቀለ ይህን ያህል። እንዲህ ያለ አከፋፈል ሁለት ጥርጣሬዎችን ያስነሣል። አንደኛው የተከፈለበት ሥራ በእርግጥ ተሠርቷል ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተሠራው ሥራ በእርግጥ ያስፈልግ ነበር ወይ የሚል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በኢስትቦርን የተቋቋመ ቦርድ የሐኪሞችን ሒሳብ በማዕከል እየተመለከተ ያጸድቅ ጀመር። የመንግሥት የጥርስ ሐኪሞችም ታካሚዎችን እየጠሩ የተሠራውን ሥራ ከአፋቸው ውስጥ ያዩ ነበር። መዝገቡ አራት ጥርስ ተሞላ ይላል፤ አፉ ስንት ይላል?

ይህ የምርመራ ዓይነት በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚገባውን ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። በእኔ አስተያየት ከሦስቱም ምርመራዎች ለታካሚው አካል እጅግ የቀረበው ይህ ነው፤ ተቆጣጣሪው የሚያየው ወረቀትን ወይም ግድግዳን ሳይሆን የታካሚውን ጥርስ ነበርና። ግን የተወለደው ለታካሚው ታስቦ አይደለም። ከፋዩ መንግሥት ስለነበር ከፋዩ የገዛውን ዕቃ ሊያይ ፈለገ። በ1986 የቀረበ አንድ የመንግሥት ዘገባ አላስፈላጊ ሕክምና በእርግጥ እንደሚፈጸም አረጋገጠ። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ምን እንደሚመረመር ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ማን እንደሚከፍል ነው።

ክፍሉን መመርመር

አሁን ወደ ማይታየው ነገር እመለሳለሁ። የእውቀቱ መሠረት የተጣለው ከሕጉ እጅግ ቀድሞ ነው። የፓስተር ባልደረባ የነበረው ሻርል ሻምበርላን በ1879 በግፊት በታመቀ እንፋሎት የሚሠራውን ማምከኛ፣ ዛሬ አውቶክሌቭ የምንለውን ሠራ። አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር በ1890 ስለ አፍ ውስጥ ተሕዋስያን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ የእንግሊዝ ፓርላማ «ማን የጥርስ ሐኪም ይባላል?» እያለ በሚከራከርበት ዘመን መሣሪያን ማምከን የሚቻልበት መንገድ ይታወቅ ነበር። እውቀቱና ሕጉ ለመገናኘት መቶ ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

ክፍሉ ሰው እንደሚጎዳ የሚያስጠነቅቁ ምልክቶች አልጠፉም። ራጅ በ1895 ተገኝቶ በወራት ውስጥ ወደ ጥርስ ሕክምና ገባ። በኒው ኦርሊንስ ከተማ ይሠራ የነበረው ኤድመንድ ኬልስ ፊልሙን በታካሚዎቹ አፍ ውስጥ በእጁ እየያዘ ለዓመታት ሠራ። ጨረሩ በካንሰር ጣቶቹን፣ ቀጥሎ እጁን፣ ከዚያም ክንዱን ወሰደበት፤ በ1928ም የራሱን ሕይወት አጠፋ። ኬልስ የተማረና የተከበረ ሐኪም ነበር። በሰውየው ወረቀት ላይ የሚገኝ ጉድለት አልነበረም፤ ጉድለቱ በክፍሉ ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው ምልክት ማደንዘዣው ነው። በእንግሊዝ ሙሉ ማደንዘዣ በሰፈር የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ መስጠት የተለመደ ነበር፤ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ይገኙበታል። በ1990 የቀረበ ዘገባ ሙሉ ማደንዘዣ በተቻለ መጠን እንዲቀርና በሚሰጥበትም ቦታ የመከታተያ መሣሪያ እንዲሟላ መከረ። ሞቱ ግን አልቆመም። በመጨረሻ ከ2001 መገባደጃ ጀምሮ ሙሉ ማደንዘዣ ከክሊኒክ ወጥቶ በሆስፒታል ብቻ እንዲሰጥ ተደረገ። አንዳንድ ጊዜ የቁጥጥር ትክክለኛው መልስ የተሻለ ቅጽ ማዘጋጀት አይደለም፤ «ይህ ሥራ በዚህ ክፍል አይሠራ» ማለት ነው።

ወሳኙ መዞሪያ ግን ኤች አይ ቪ ነው። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙ የጥርስ ሐኪሞች ያለ ጓንት በባዶ እጃቸው ይሠሩ ነበር። በ1986 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለጥርስ ሕክምና መመሪያ አወጣ። በሐምሌ 1990 ያው ማዕከል በፍሎሪዳ አንዲት ወጣት ከጥርስ ሐኪሟ ቫይረሱ ሳይተላለፍባት እንዳልቀረ ገለጸ፤ በኋላም ከዚያው ሐኪም ጋር የተያያዙ ታካሚዎች ቁጥር ስድስት ደረሰ። ቫይረሱ በየትኛው መንገድ እንደተላለፈ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ ቀረ፤ ፍርሃቱ ግን የሙያውን ልማድ ለወጠ። ጓንት፣ የፊት ጭምብልና መሣሪያን በሙቀት ማምከን የጥንቁቅ ሐኪም ምርጫ መሆናቸው ቀርቶ ግዴታ ሆኑ። ከ1957 ጀምሮ በደቂቃ እስከ 300,000 ጊዜ የሚሽከረከረው የጥርስ መቦርቦሪያ ራሱ የጥያቄ ምልክት ተደረገበት፤ ውስጡ የአንዱን ታካሚ ምራቅና ደም ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላልና። በ1993 የወጣው መመሪያ በየታካሚው መካከል በሙቀት እንዲመክን አዘዘ።

ከዚያ በኋላ የክፍሉ ምርመራ በየአቅጣጫው ሰፋ። በ2007 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ከጥርስ ሥር ውስጥ ነርቭ የሚያጸዱት ቀጫጭን መሣሪያዎች አንዴ ብቻ ተሠርቶባቸው እንዲጣሉ አዘዙ፤ ፕሪዮን የሚባለው የአንጎል በሽታ አስተላላፊ በተለመደው ማምከኛ ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ ስለሚታወቅ ነው። በ2011 በጣሊያን አንዲት የ82 ዓመት እናት በሌጅዮኔላ ባክቴሪያ ሞቱ፤ የበሽታው ምንጭም የጥርስ ክሊኒኩ የውኃ መስመር ሆኖ ተገኘ። ወንበሩን የሚያገለግለው ቀጭን የውኃ ቱቦ እንኳ ተመርማሪ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በእንግሊዝ ያሉ የጥርስ ክሊኒኮች በክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ዘንድ የመመዝገብ ግዴታ ገባባቸው። ኮሚሽኑ አምስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል፦ አገልግሎቱ ለደኅንነት የማያሰጋ ነው? ውጤታማ ነው? በርኅራኄ የሚሰጥ ነው? ለሰዎች ፍላጎት ምላሽ ይሰጣል? በመልካም ይመራል? ተቆጣጣሪው ቆሻሻ መሣሪያ በየት ገብቶ ንጹሑ በየት እንደሚወጣ ይከተላል። ኦክስጅኑን፣ የአስቸኳይ ጊዜ መድኃኒቶችን ማብቂያ ቀን፣ የልብ ማስነሻውን መሣሪያ፣ የራጁን ምርመራ ወረቀት፣ የሠራተኞቹን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይመለከታል። የማምከኛውንም መዝገብ ይጠይቃል።

በሁለት ጉብኝት መካከል ያለው ቀን

ሰው፣ ሥራ፣ ክፍል፤ ሦስቱም ተመረመሩ። ታዲያ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል? አያበቃም። ምርመራ ሁሉ የሚያየው አንድን ቀን ነው፤ ታካሚ ግን በቀሩትም ቀናት ይመጣል።

በ2013 በአሜሪካ በተልሳ ከተማ የአንድ ታካሚ ሄፓታይተስ ሲ ምንጩ ሲጠና መርማሪዎቹ ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ደረሱ። የግዛቱ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ባቀረበው ክስ መሠረት በየወሩ መፈተሽ የነበረበት ማምከኛ ቢያንስ ለስድስት ዓመት አልተፈተሸም ነበር። ወደ 7,000 የሚጠጉ ታካሚዎች እንዲመረመሩ ተጠሩ፤ በክሊኒኩ ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ ከታካሚ ወደ ታካሚ መተላለፉም በዘረ መል ምርመራ ተረጋገጠ። በ2014 ደግሞ በእንግሊዝ በኖቲንግሃም አቅራቢያ ከአንድ ሐኪም ዘንድ የታከሙ 22,000 ያህል ሰዎች ለደም ምርመራ ተጠሩ። ያ ሐኪም በአካባቢው ከ30 ዓመት በላይ የሠራ፣ የተመዘገበ ባለሙያ ነበር። ጉዳዩን የገለጠው ግን በስውር የተቀረጸ ምስል ነው፤ ምስሉም የተገኘው ከጠቋሚ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ማምከኛ አሠራር ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። መሣሪያው በ134 ዲግሪ እንፋሎት ቢያንስ ለሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ነገር ግን እንፋሎቱ እንዲሠራ በመጀመሪያ አየሩ መውጣት ይኖርበታል፤ አየር የቀረበት ጥጋ ጥግ አይመክንም። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ቀለሙን ሲለውጥ ጥቅሉ በሙቀት ውስጥ ማለፉን ይነግረናል እንጂ ተሕዋስያኑ መሞታቸውን አይነግረንም። ይህን የሚነግረን ሙቀትን አጥብቃ የምትቋቋም የባክቴሪያ ዘር ከመሣሪያው ጋር አብራ ገብታ፣ ከወጣች በኋላ ብታድግ ወይም ባታድግ ነው። ፕላስተሩ ርካሽ ነው፤ ይታያል፤ ሁሉንም ያረጋጋል። የባክቴሪያው ፈተና ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ባለቤቱ ሊሰማው የማይፈልገውን ውጤት ያመጣል።

ቀለሙን የለወጠው ፕላስተር፣ በግድግዳ የተሰቀለው ፈቃድና በአንድ ቀለም የተሞላው ደብተር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሦስቱም አንድ ነገር መታለፉን ይመሰክራሉ፤ ነገሩ መፈጸሙን ግን አይመሰክሩም። የቁጥጥር ታሪክ፣ እኔ እንደማነበው፣ ከእነዚህ የሚታዩ ምልክቶች ወደ ማይታየው ፍሬ ነገር ለመድረስ የተደረገ አዝጋሚ ጉዞ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በእኛ አገር ይህ ጉዞ በእርከን አልመጣም። በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ምግብን፣ መድኃኒትን፣ የጤና ባለሙያንና የጤና ተቋምን በአንድ የቁጥጥር ጥላ ሥር አመጣ። ከዚያም በኋላ የጥርስ ክሊኒክን ጨምሮ ለጤና ተቋማት በየደረጃቸው መሟላት ያለበት ዝቅተኛ መስፈርት ወጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በምግብና በመድኃኒት ቁጥጥር ላይ ብቻ አተኮረ። እንግሊዝ ሰውየውን ከመመርመር ክፍሉን ወደ መመርመር ለመሸጋገር ከ1878 እስከ 2011 ድረስ 133 ዓመት ፈጅቶባታል፤ እኛ ሁለቱን በአንድ አዋጅ ተቀበልን።

ይህ በረከት ነው፤ ክፍተትም አለው። ሦስቱን እርከኖች አስታውሱ። ሰውየውን እንመረምራለን፤ ክፍሉንም እንመረምራለን። መካከለኛው፣ ማለትም ሥራው፣ በአፍ ውስጥ ያለው ጥርስ፣ ማን ያየዋል? በእንግሊዝ ያ ምርመራ የተወለደው ከፋዩ መንግሥት ስለነበረ ነው አልኩ። በእኛ ከተሞች ባሉ የግል የጥርስ ክሊኒኮች ከፋዩ አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ራሱ ነው። ታካሚው ደግሞ የገዛ መንጋጋውን ጥርስ አይቶ መፍረድ አይችልም። ስለዚህ ያንን ምርመራ እኛ የምንፈልገው ከሆነ ከገንዘብ ቤት አንጠብቀው፤ ከሙያ ማኅበራትና ከማስተማሪያ ክሊኒኮች፣ ማለትም ከእናንተ መምጣት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ነገር መብራቱ ነው። መስፈርት ሲወጣ ማሽኑን ይቆጥራል። ማሽኑ ግን መብራት ይፈልጋል፣ ውኃ ይፈልጋል፣ የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል። እነዚህ በጎደሉበት ቀን ክሊኒኩ ሁለት ምርጫ አለው፤ ታካሚዎቹን መልሶ ገቢውን ማጣት ወይም ደብተሩን መሙላት። ሁለተኛውን የመረጠውን ሰው መቅጣት ተገቢ ነው። ነገር ግን «ዛሬ መብራት ስለሌለ አልሠራንም» ብሎ የጻፈውን ክሊኒክ የሚያመሰግን አሠራር ከሌለን፣ ቁጥጥራችን እውነተኛውን ደብተር ሳይሆን ያማረውን ደብተር እየሸለመ ይኖራል። ባዶ መስመር ያለበት መዝገብ ከሞላው መዝገብ ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ እንዳለ ተቆጣጣሪዎቻችንም፣ ተማሪዎቻችንም ሊያውቁ ይገባል።

ወደ ደብተሩ ልመለስና ላብቃ። ያ ክሊኒክ የሠራውን ጥፋት ያገኘው ቅጹ አልነበረም፤ ቅጹ ላይ ሁሉም ምልክት ተደርጎበት ነበር። ያገኘው የሁለት ሴቶች ንግግር ነው። አንዷ የምትቆጣጠረውን ሰፈር ታውቅ ነበር፤ መብራት የጠፋበትን ቀን ታስታውስ ነበር። ሌላዋ የሐኪሙን በር አየች፤ ደመወዟ ከዚያ በር ጀርባ ነበር፤ ሆኖም እውነቱን ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ያቺ ነርስ በዚያው ሥራ ላይ መቆየቷን ለማወቅ ሞክሬ አልተሳካልኝም። የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ፈቃዱን የሚጠብቅ ሕግ አለን፤ ማሽኑን የሚቆጥር መስፈርት አለን። «የለንም» ያለችውን ሰው የሚጠብቃት ምንድን ነው?

ከእናንተ መካከል የጥርስ ሐኪም የምትሆኑ አላችሁ፤ ሕግ የምታረቁ አላችሁ፤ ነገ ቅጽ ይዛችሁ የሰው በር የምታንኳኩ አላችሁ። ሁላችሁም ይህን ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱ እጠይቃለሁ።